ስለ ሞላ መጠንከርና ስለ እንቁላል መሰበር

ሊቃውንተ ምሕንድስና ብዙ ዘመን አጥንተው፣ ለክተውና ፈትነው «ይህ ይበቃል» ብለው ያወጡትን ዕቃ፣ ገንዘቡን ከፍሎ በተረከበ በሳምንቱ ፈትቶ ካላሻሻለው በቀር እንቅልፍ በዓይኑ የማይዞር ሰው በየዘመኑና በየሀገሩ ታጥቶ አያውቅም። ይህ ምኞት በልብስ ወይም በቤት ዕቃ ላይ ሲያድር ጉዳቱ ከደጃፍ አያልፍም፤ በስፖርት መኪና ላይ ያደረ እንደ ሆነ ግን እናት፣ አጎትና ጎረቤት፣ እንዲያውም የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር የፈተናው ተካፋይ ይሆናሉ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል ፍጥነትን በሞተር ጉልበት የሚሹት ወገኖች ሐሳባቸው ግልጽ ስለ ሆነ ትርጓሜ አያሻውም፤ ጉልበት ይጨምራሉ፣ ቤንዚን ይጨምራሉ፣ በመጨረሻም የትራፊክ ቅጣት ይጨምራሉ። የእኔ ነገር ከሌሎቹ ጋር ነው፤ ይኸውም መኪናቸው በቀጥታ መንገድ ላይ ብታዘግም ቅር የማይላቸው፣ ነገር ግን በመታጠፊያ ላይ መሬቱን ይዛ፣ ሳትንሸራተትና ሳታጋድል እንድትዞር ከልብ የሚመኙ፣ ስለዚህም ነገር ስለ ሞላ፣ ስለ አሞርዛቶርና ማጋደልን ስለሚቀንሰው ስታቢላይዘር ባር ሌሊቱን ሙሉ ቢከራከሩ የማይታክታቸው ሰዎች ናቸው። ጉባኤያቸውን አንድ ጊዜ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። «ሞላ ይቅደም» የሚለውና «ባር ይቅደም» የሚለው ወገን ቀኝና ግራ ተለይተው፣ እያንዳንዱም የየራሱን መምህር ስም እየጠራ፣ ወጡ በሰሐኑ ላይ እስኪረጋ ድረስ ሲሟገቱ አመሹ። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አስጠርተው የሃይማኖትን ክርክር በሥልጣናቸው ቈርጠዋል፤ የሞላን ክርክር የሚቈርጥ ንጉሥ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየትኛውም ሀገር አልተነሣም።

ነገሩን በአንድ መኪና ላይ ተመሥርቼ ለማስረዳት ማዝዳ ሚያታ የምትባለውን እመርጣለሁ። ይህች ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ጣራዋ የሚገለጥ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ከታየች ጀምሮ ወዳጇ እየበዛ ሄዶ፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጥታለች። የመጀመሪያዪቱ ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ ነበረ፤ ክብደቷም አንድ ሺህ ኪሎ አይሞላም። ነገር ግን ያው ጥቂት ክብደት በፊትና በኋላ ጎማዎቿ ላይ እኩል ለመሆን ምንም ያህል አይቀረውም፤ አራቱም እግሮቿ እያንዳንዳቸው ከላይና ከታች በሁለት ክንድ የተያዙ ናቸው፤ ይህም አሠራር በዋጋ ቈጣቢ ፋብሪካዎች ዘንድ እንደ ቅንጦት የሚቈጠር ነው። ጃፓናውያን ሠሪዎቿ ፈረሰኛና ፈረስ አንድ አካል ሆነው የሚሄዱበትን የአባቶቻቸውን ሐሳብ ዓላማ አድርገው፣ እንግሊዛዊው ኮሊን ቻፕማን በ1962 ያወጣውን ሎተስ ኤላን የተባለውን መኪና ደግሞ በምሳሌነት አስቀምጠው ነበር የሠሯት።

የፈረሱ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ የእኛም አባቶች በዚህ ትምህርት ማንንም የሚያስቀድሙ አልነበሩም። ለዘመቻ ፈረስ፣ ለመንገድ ሰጋር በቅሎ ይይዙ ነበር፤ በሰጋር በቅሎ የተቀመጠ መኰንን ቀኑን ሙሉ ተጕዞ ማታ ሲወርድ ወገቡ ከእርሱ ጋር ይወርዳል። የጦር ፈረሱን ግን መንገድ ለመንገድ አያደክመውም፤ በአሽከር ያስስበዋል እንጂ። አንዱ እንስሳ ሁለቱንም እንዲሆን የጠየቀ መኰንን ስለ መኖሩ የሰማሁት ታሪክ የለም። የዘመናችን ጐልማሳ ግን በአንዲት መኪና ማለዳ ወደ ሥራ፣ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ወደ እሽቅድድም መሄድ ይፈልጋል፤ የሞላ ምርጫ መከራው ሁሉ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የታላቅ እኅቴ ልጅ ከነዚሁ መታጠፊያ ወዳዶች አንዱ ነው። የሚኖረው በቨርጂኒያ ግዛት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ሲሆን፣ ጠባዩ የታረመ፣ በሥራው የተመሰገነ፣ ታላላቆቹን ሁሉ አክብሮ የሚያነጋግር ልጅ ስለ ሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራች ቀይ ሚያታ ገዝቶ በመጣ ዕለት ቤተ ዘመዱ «በዚህ ገንዘብ ሚስት ቢያገባ ይሻለው ነበር» ከማለት በቀር ሌላ ነቀፋ አላቀረበበትም። መኪናዪቱ በተገዛች ጊዜ ደኅና ትሄድ ነበር። ይህን የምጽፈው ለታሪክ ምስክር እንዲሆን ነው።

ጥቂት ወራት እንዳለፉ «ጋሼ፣ በመታጠፊያ ላይ ታጋድላለች» ማለት ጀመረ። እኔም «አንተስ አታጋድልም?» ብዬ ብመልስለት አልሳቀልኝም። ከዚያም አንድ ቀን አራት ከባድ ካርቶን በደጃፉ ተደርድሮ አገኘሁ፤ በውስጡ የነበረው ኮይሎቨር የሚሉት ዕቃ ነው። ሞላውና አሞርዛቶሩ በአንድነት የተጣመሩ፣ ቁመታቸው በጥርስ ቀለበት የሚጨመርና የሚቀነስ፣ በአናታቸውም ላይ 32 ደረጃ የሚዞር መዘውር ያላቸው፣ ቀለማቸው ከወርቅ የሚፎካከር ነበሩ። ሞላው ፋብሪካው ካወጣው ሞላ ከሁለት እጥፍ በላይ የጠነከረ መሆኑን ልጁ የነገረኝ በኵራት እንጂ በሐዘን አልነበረም። በክሪክ አንሥቶ፣ ቡሎን ከዳዶ ለይቶ፣ በወዳጆቹ ረዳትነት ገጠመው፤ መኪናዪቱንም ሦስት ጣት ያህል ወደ መሬት አወረዳት። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ከፍ እንድትል እንጂ ዝቅ እንድትል የሚከፍል ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ጸበል ይወስዱት ነበር፤ ሆኖም ሀገሩ አሜሪካ ስለ ሆነ ዝም አልሁ።

ስለ መዘውሩ አንድ ቃል ልጨምር። ከ32ቱ ደረጃዎች የትኛው በጎ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ልጁ ማለዳ አንዱን፣ ማታ ሌላውን ይጠራ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ከመንገድ ዳር አቁሞ፣ ወርዶ፣ ሁለት ደረጃ አዙሮ፣ ተመልሶ ገብቶ «አሁን ተሰማዎት?» ይለኛል። የተሰማኝ ወገቤ ብቻ ነበር። ለሰው ብዙ ምርጫ መስጠት ዕውቀት መስጠት አለመሆኑን ዕቃውን የሸጡለት ሰዎች ሳያውቁት የሚቀሩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ፤ አንባቢ ጥቂት ሒሳብ ይታገሠኝ። መኪና ስትታጠፍ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ላይ ክብደት እየተነሣ በውጨኞቹ ላይ ያርፋል፤ ይህን ማንም ተሳፋሪ ትከሻው በር ሲመታ ያውቀዋል። አንድ ሺህ ኪሎ የምትመዝን መኪና እንውሰድ፤ የክብደቷ ማእከል ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በቀኝና በግራ ጎማዎቿ መካከል ያለው ስፋትም 140 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይህች መኪና ከክብደቷ ጋር የሚተካከል የጎን ኃይል እስኪደርስባት ድረስ ብትታጠፍ፣ ሺሁን ኪሎ በ45 አባዝተን ለ140 ስናካፍለው፣ 321 ኪሎ ያህል ከውስጥ ወደ ውጭ ይሸጋገራል። ቀድሞ አምስት መቶ ኪሎ ተሸክመው የነበሩት ሁለቱ የውስጥ ጎማዎች 179 ኪሎ ብቻ ይቀራቸዋል፤ የውጨኞቹ 821 ኪሎ ይሸከማሉ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቁመት አለ፣ ስፋት አለ፣ ክብደት አለ፤ ሞላ የሚባል ነገር ግን የለም።

ልጁ ይህን በነገርሁት ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከሞላና ከባር ሥልጣን በታች ያለው ነገር ሌላ ነው፤ እርሱም ያ 321 ኪሎ በፊተኛውና በኋለኛው የውጭ ጎማ መካከል ምን ያህል ምን ያህል ሆኖ እንደሚከፈል መወሰን ነው። ይህም ከባድ ሥልጣን ነው፤ ምክንያቱም ጎማ ጭነቱ እጥፍ ቢሆንበት መሬት የመያዝ ኃይሉ ይጨምራል እንጂ እጥፍ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ብዙ ሽግግር የወደቀበት ወገን በመጨረሻው የሚያተርፈው ያነሰ ነው። ፊቷን ከመጠን በላይ ያጠነከረ ሰው መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናዪቱ ያልሰማች መስላ ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ኋላዋን ያጠነከረ ደግሞ ኋላዋ ቀድሞት ሊሄድ ሲል ያገኛታል። ማጠንከር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ማጋደሏ ሲቀንስ ጎማው በመሬት ላይ የሚቆምበት ማእዘን ይጠበቃል፣ ለመሪም ፈጥና ትታዘዛለች፤ ወፍራም የፊት ባር ያደረጉባት ሚያታም በጠባብ መታጠፊያ ላይ የውስጥ የኋላ ጎማዋ እንዳይነሣና በከንቱ እንዳይሽከረከር ስለሚረዳት፣ ባለቤቶቿ የሚመርጡት በምክንያት ነው። የሚያስተው ሰው «ጠንካራ» የሚለውንና «ፈጣን» የሚለውን እንደ አንድ ቃል የሚያነብበው ነው።

ሥጋችንም በዚህ ስሕተት ይተባበራል። ሥጋ የፍጥነት መለኪያ ስላልተሰጠው የሚፈርደው በመናወጥ ነው፤ መንገዱ ጥርስ ሲያንገጫግጭ «ይህስ በረረ» ይላል፣ ለስላሳ ሲሆንበት ደግሞ «ተኛ» ይላል። በሰዓት ቢለካ ፍርዱ ብዙ ጊዜ የተገለበጠ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም በሻካራ መንገድ ላይ ጠንካራ ሞላ ጎማውን ከመሬት ያስዘልለዋል፣ በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ የማንም ጎማ ቢሆን፣ ዋጋውም የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ መኪና አያዞርም።

ልጁ ይህ ሁሉ በቃል ተነግሮት ያላመነውን በእንቁላል አመነ። ጊዜው ቀዳም ስዑር ነበር፤ ታላቅ እኅቴ የፋሲካውን ዶሮ ወጥ ለመሥራት ከሜሪላንድ ገበሬ ዘንድ ሁለት ደርዘን ትኩስ እንቁላል ሊያመጡ ፈለጉ፤ የእርሳቸው መኪና ጋራዥ ገብታ ስለ ነበር ልጃቸው በሚያታው ወሰዳቸው። ሲመለሱ እንቁላሉን በጕልበታቸው ላይ አኑረው፣ በነጠላቸው ሸፍነው፣ በሁለት እጅ አቅፈው ተቀመጡ። የፖቶማክን ወንዝ አቋርጦ ሜሪላንድን ከአሌክሳንድሪያ የሚያገናኘው የውድሮ ዊልሰን ድልድይ፣ እንደ ማንኛውም ረጅም ድልድይ፣ በሙቀትና በብርድ የሚሰፋበትና የሚጠብበት የብረት መጋጠሚያ አለው፤ በሌላ መኪና ለሚያልፍ ሰው «ጡብ» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም አይደለም። እኅቴ እንደሚሉት በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ የእመቤታችንን ስም ጠሩ፤ በሁለተኛው ላይ የልጃቸውን ስም ጠሩ፤ በሦስተኛው ላይ አንድ እርጥብ ነገር በቀሚሳቸው ላይ ሲወርድ ተሰማቸው። ሃምሳ አምስት ቀን ከእንቁላልና ከወተት ተከልክለው የቈዩት ሴትዮ፣ ሊፈስኩ የአንድ ሌሊት ያህል ሲቀራቸው፣ ነጠላቸው ቀድሟቸው ገደፈ።

«እማዬ፣ ለመታጠፊያ እኮ ጥሩ ነው» አላቸው ይባላል።

«ድልድዩ ላይ መታጠፊያ የታለ?» ብለው መለሱለት። በዚህ ጕዳይ ላይ ከመሐንዲሶች ሁሉ የተሻለ ጥያቄ የጠየቁ እርሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ፈረንሳውያን ይህን ፈተና አስቀድመው አስበውበት ነበር። በሲትሮኤን ፋብሪካ ተሠርታ በ1948 ለሕዝብ የታየችው ዶ ሼቮ የምትባለው ትንሽ መኪና ስትታቀድ፣ ለመሐንዲሶቹ ከተሰጣቸው ትእዛዝ አንዱ አንድ ቅርጫት እንቁላል ጭና በታረሰ ማሳ ላይ አንዱን እንኳ ሳትሰብር እንድትሻገር ነው። እርሷ ስትታጠፍ እንደ ሰካራም ታጋድላለች፤ ነገር ግን ቀጫጭን ጎማዎቿ ከመሬት ሲለዩ የሚታየው በጭንቅ ነው። በአሜሪካም ቢሆን ከሮልስ ሮይስ ወደ ካዲላክ የሄደው እንግሊዛዊ ሞሪስ ኦሊ በ1930ዎቹ በአንዲት መኪና ላይ ክብደት እየጫነና እያወረደ፣ የሰው ሆድ የትኛውን መናወጥ እንደሚታገሥ በራሱና በባልደረቦቹ ሆድ ላይ መረመረ። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የኋላው ሞላ ከፊተኛው ጥቂት ፈጠን ብሎ ቢወዛወዝ፣ ጕብታ ያለፈች መኪና ፊትና ኋላዋ ቶሎ ተስማምተው እንደምትረጋ ነው፤ ፊተኛው ቀድሞ ስለሚነሣ ኋለኛው ይደርስበታል። የተሳፋሪ መኪና በሞላዋ ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም አንድ ተኩል ያህል ትወዛወዛለች፤ የስፖርት መኪና ወደ ሁለት ትቀርባለች፤ ከዚያ በላይ የሚሄዱት በአብዛኛው አየር ወደ መሬት የሚጫናቸው ባለ ክንፍ የእሽቅድድም መኪናዎች ናቸው። የእኅቴ ልጅ መኪና ክንፍ የላትም።

ቻፕማንም ሎተስን ሲሠራ ብዙዎች ያልጠበቁትን መንገድ መረጠ፤ ሞላውን ለስላሳ አድርጎ ሥራውን ለአሞርዛቶር ተወለት፣ የመኪናውንም ክብደት እስከሚቻል ድረስ ቀነሰ። ሞላ ኃይልን ተቀብሎ መልሶ የሚሰጥ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም፤ አሞርዛቶሩ ግን በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ለውጦ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አሞርዛቶሩ ሞላውን መግዛት ያልቻለ እንደ ሆነ መኪናዪቱ ከአንዱ ጕብታ ሳትረጋ ሌላው ይደርስባታል፤ ርካሽ ኮይሎቨር ብዙ ጊዜ የሚወድቀውም ከዚህ ላይ ነው፤ ሞላውን ማጠንከር በዋጋ ቀላል ነው፣ ያንን የሚገዛ አሞርዛቶር መሥራት ግን ጥበብና ወጪ ይጠይቃል።

ከፋሲካ በኋላ ልጁ ወደ ኦቶክሮስ ሄደ፤ እኔንም አስከተለኝ። ኦቶክሮስ ማለት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮን ተደርድሮ፣ መኪናዎች አንድ በአንድ በመካከሉ እየተጠማዘዙ የሚሮጡበት ውድድር ነው፤ ሰዓቱ እስከ ሺሕኛው የሰከንድ ክፍል ይያዛል፣ አንድ ኮን የጣለ ሁለት ሰከንድ ይቀጣል። ትሕትናን የሚያስተምር አንድ ሥርዓትም አለው፤ ተወዳዳሪ ሁሉ ተራው ባልሆነ ጊዜ በሜዳው ዳር ቆሞ ሌላው የጣለውን ኮን እየሮጠ ያነሣል። የእኅቴ ልጅ በወርቃማው ኮይሎቨሩ ሲዞር ሲያዩት ያስደንቅ ነበር፤ መኪናዪቱ ፈጽሞ አላጋደለችም። ያረጀ አስፋልት ባለበት ማእዘን ላይ ግን አራቱም እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ ወደ ጎን ትሸሽ ነበር። ከእርሱ በኋላ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ጡረተኛ፣ ሞላዋ ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሆነ ሚያታ ይዘው፣ እንደ ጀልባ እያጋደሉ ዞረው ከሁለት ሰከንድ በላይ ቀደሙት። ልጁ የእርሳቸውን ኮን ሊያነሣ ቆሞ ነበር፤ አንድም አልጣሉለትም።

በዚያው ሳምንት ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድሁት፤ ሰውዬው ሙያቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ አዲስ አበባ የተማሩ፣ ብዙ ከማይናገሩ ሰዎች ወገን ናቸው። ወርቃማውን ዕቃ አላዩትም። ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና በሞላላ ክብ ውስጥ የታተመውን 3412 የሚል አኃዝ አሳዩት፤ ጎማው በ2012 በ34ኛው ሳምንት መሠራቱን የሚናገር ነው።

«ጥርሱን አየህ፣ ዕድሜውን ግን አልጠየቅህም» አሉት። «ላስቲኩ ደርቋል። በጥፍርህ ጫነው።»

ልጁ ጫነው፤ አልሰረጐደም።

ቀጥለው አንዱን እግር ነቅለው በአሞርዛቶሩ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰሩ፤ በሰፈሩ ዞር ብለን ስንመለስ ማሰሪያው ወደ ላይ ተገፍቶ ከጫፍ ካለው የላስቲክ መቆሚያ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። ይህም ማለት ሦስቱ ጣት ዝቅታ ለሞላው የሚንቀሳቀስበት ቦታ አላስቀረለትም፤ መኪናዪቱ በየጕብታው ሞላዋን ትታ በዚያ ላስቲክ ላይ ትወድቅ ኖሯል። ሚያታ ከመጀመሪያውም የተሰጣት የእግር መወራጫ አጭር ስለ ሆነ ይህ በሽታ በእርሷ ላይ የታወቀ ነው።

በመጨረሻም ብረት ዘንግ አስገብተው ክንዶቹን የሚይዘውን ጎሚኒ ወዘወዙት፤ ላስቲኩ እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር።

«ቡሎኑን ያጠበቅኸው መኪናዪቱ በክሪክ ላይ ተንጠልጥላ ሳለች ነው?»

«አዎን፣ አባባ።»

«ጎሚኒው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቅኸው፣ መሬት ስትወርድ ቀኑን ሙሉ ተጠምዝዞ ይውላል፤ ከዚያ ይቀደዳል። በጎማዋ ቆማ ሳለች ነው የሚጠብቀው። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም ነበር።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናገራለሁ። ጎሚኒው ሁሉ ተለወጠ፤ ጎማውም በአሜሪካ የጎማ መበላት መለኪያ 200 በሚባለው ደረጃ፣ በኦቶክሮስ የተለመደው ዓይነት ሆነ። ኮይሎቨሩ ለሌላ ጐልማሳ ተሸጠ፤ እግዚአብሔር እናቱን ይጠብቅለት። በምትኩ ከፋብሪካው ሞላ ጥቂት ብቻ የጠነከረ ሞላና በጎ አሞርዛቶር ገባ፤ ከፊት ወፈር ያለ ባር ተጨመረ። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ የሚያጋድሉበትና አቅጣጫቸው የሚስተካከልበት አላይመንት ግን ሹፌሩ እንደ ተቀመጠ መሠራት ይገባዋል፣ ሚያታ ቀላል ስለ ሆነች የአንድ ሰው ክብደት ይለውጣታልና፤ ልጁ ደግሞ በዚያ ቀን ሥራ ነበረው። መካኒኩ ጥቂት አሰቡና ከጎረቤት ሱቅ እያንዳንዳቸው 25 ፓውንድ የሚመዝኑ ሰባት ከረጢት ጤፍ አስመጥተው በሹፌሩ ወንበር ላይ ደረደሩ፤ ቀበቶም አሰሩላቸው። የሚያታ እግሮች በታችኛው ክንዳቸው ባሉት ቡሎኖች ስለሚስተካከሉ ሥራው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አላለፈም። የሱቁ ባለቤት ጤፉን መልሰው ሲወስዱ ከነገ ወዲያ ለእንጀራ የሚገዙት ሰዎች ይህን ታሪክ እንዳይሰሙ አደራ አሉን።

ሰዓቱ በሚቀጥለው ውድድር ላይ ተሻሻለ፤ ትልቁ መሻሻል የመጣውም ጎማው በተለወጠበት ቀን ነው፤ ሞላው፣ አሞርዛቶሩና ባሩ ተሰብስበው ከዚያ በኋላ የጨመሩት ከእርሱ ያነሰ ነው። ጡረተኛውን ግን ዛሬም አልቀደማቸውም። ለዚህ ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ እንደሌለ ልጁ ገና አላመነም፤ በቅርቡ ስለ ቀላል ቸርኬ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሞላ ለመግዛት ገንዘብ የቈጠርህ ከሆንህ አልከለክልህም፤ የምለምንህ ገንዘቡን ከመክፈልህ አስቀድሞ አንድ ማለዳ ወደ መኪናህ ወጥተህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ የጎማህን ጎን በአውራ ጣትህ ጠርገህ በዚያ የታተሙትን አራት አኃዞች እንድታነብብ ነው።